የሚዋኝ በሬ ቅርጫ

ዘንድሮም እንቁጣጣሽን ያሳለፍኩት ጓንት አጥልቄ ነው።

የምኖረው በኖርዌይ ምዕራብ ዳርቻ፣ አንዲት ደሴት ላይ ነው። የምሠራው ዓሣ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ማክሬል የሚባለው ዓሣ የሚሰባው ደግሞ ልክ በኛ አዲስ ዓመት ሰሞን ነው። አገር ቤት አደይ አበባ ሲፈነዳ እኔ ዓሣውን የሚያመጣው ተንቀሳቃሽ ቤልት ሥር ቆሜያለሁ። አሥራ አንድ እንቁጣጣሽ እንዲህ አለፈ።

እናቴ ሁሌ ትደውላለች።

«እንኳን አደረሰህ ልጄ። ዶሮው ደረሰ?»

«ሥራ ላይ ነኝ እማዬ።»

«ዛሬም? እነዚህ ሰዎች ዓመት በዓል የላቸውም እንዴ?»

«ዓሣው ሲመጣ ነው በዓላቸው።»

«እና ዓሣው አንድ ቀን አይቆይም?»

አይቆይም። የነገሩ ሁሉ መነሻ ይኼ ነው። ማክሬል መቆም የማይችል ፍጥረት ነው። ብዙ ዓሦች ሆዳቸው ውስጥ አየር የምትይዝ ፊኛ አለቻቸው፤ እሷ ታንሳፍፋቸዋለች። ማክሬል የለውም። መዋኘት ካቆመ ይሰምጣል። ስለዚህ ዕድሜውን በሙሉ ሲሄድ ይኖራል። በፀደይ ከአየርላንድ ምዕራብና ከዚያም ወደ ደቡብ ወርዶ እንቁላሉን ይጥላል። በበጋ ምግብ ፍለጋ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ ኖርዌይ ባሕር፣ ፋሮ፣ አይስላንድ፣ አንዳንዴም ግሪንላንድ ድረስ። በመኸር ይመለሳል። እኔ አንድ አገር ለመግባት ስንት ዓመት ወረቀት ተሸክሜ ተንከራተትኩ፤ እሱ በአንድ ዓመት አምስት ስድስቱን ያዳርሳል።

እና የማን ነው?

እዚህ ፋብሪካ ውስጥ ይህን ጥያቄ የማይጠይቅ ሰው የለም። ስንት ሳምንት እንደምንሠራ፣ ኦቨርታይም ይኑር አይኑር፣ በኤጀንሲ የመጡት ልጆች ይጠሩ አይጠሩ፣ ሁሉም የሚወሰነው አገሮቹ ዓሣውን እንዴት እንደተካፈሉት ነው። እንጀራዬ ነውና እኔም ሳልወድ በግዴ ተማርኩት።

ለእማዬ ያስረዳኋት በቅርጫ ነው። ሌላ መንገድ አላገኘሁም።

ሽሮ ሜዳ ስናድግ የሰፈሩ ሰው ለበዓል ቅርጫ ይገባል። አራጁ በሬውን ይጥላል፤ የሚያካፍሉት ግን ሻምበል የምንላቸው ጡረተኛ ነበሩ። ኮባ ቅጠል መሬት ላይ ይነጠፋል። ሻምበል ቁጢጥ ብለው መደብ መደብ ያደርጉታል። ከሻኛው ትንሽ፣ ከጎድኑ ትንሽ፣ ከጉበቱ፣ ከጨጓራው። አንዱ መደብ አጥንት ከበዛበት ቀይ ሥጋ ይጨመርለታል። ሰው ዙሪያውን ቆሞ ያያል። «ሻምበል፣ ያቺኛዋ ሳሳች» ይላል አንዱ። ሻምበል ቀና ብለው ያዩታል። ከዚያ ለያቺኛዋ ትንሽ ይጥሉላታል።

ሁሉም ሲስማማ እያንዳንዱ ምልክት ይሰጣል። አንዱ ቁልፍ፣ አንዱ ላይተር፣ አንዱ የጠርሙስ ቆርኪ፣ አንዱ ጠጠር። ሁሉም ኮፍያ ውስጥ ይገባል። ምልክቱ የማን እንደሆነ ያላየ ልጅ ይጠራል። ብዙ ጊዜ ያ ልጅ እኔ ነበርኩ። ዘወር በል ተብዬ አጥር ሥር ቆሜ እቆያለሁ። ስጠራ መጥቼ በየመደቡ ላይ አንድ አንድ ምልክት አስቀምጣለሁ። አለቀ። ማንም አይከራከርም።

ትልቅ ሆኜ ነው ብልሃቱ የገባኝ። ሻምበል ሲቆርጡ የትኛው መደብ ለማን እንደሚደርስ አያውቁም። የራሳቸውንም ጭምር። ቢላዋቸው የሚያዳላበት ቦታ የለውም።

አሁን ማክሬልን እንደ በሬ አስቡት። ቅርጫ የገቡት ኖርዌይ፣ ብሪታንያ፣ የአውሮፓ ኅብረት፣ ፋሮ ደሴቶች፣ አይስላንድ፣ ግሪንላንድና ሩሲያ ናቸው። ኮፐንሃገን ያለው ዓለም አቀፍ የባሕር ምርምር ምክር ቤት በየዓመቱ «ከዚህ በላይ አትያዙ» ብሎ ቁጥር ይሰጣል። ልዑካኑ በጥቅምት፣ አብዛኛውን ጊዜ ለንደን ላይ፣ ይሰበሰባሉ። ቁጥሩን አብዛኛውን ጊዜ ይቀበሉታል። እዚህ ድረስ ጠብ የለም። ጠቡ ያለው ቀጥሎ ነው። ብዙውን ጊዜ ለማን ስንት በሚለው ሁሉም ሳይስማሙ ይነሱና፣ እያንዳንዱ አገሩ ገብቶ የራሱን መደብ ራሱ ይቆርጣል። ቢላዋው በየሰዉ እጅ ነው። የትኛው መደብ የማን እንደሆነም ሁሉም ያውቃል።

በ2021 የሆነውን ልንገራችሁ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፤ አለዚያ እኔው ራሴ እጠፋለሁ።) የዚያ ዓመት ቁጥር 852,284 ቶን ነበር። የአውሮፓ ኅብረትና ብሪታንያ በድሮው፣ በ2014ቱ ስምምነት አብረው የያዙት 49.3% ነው። ኖርዌይ በዚያው ስምምነት 22.5% ነበራት፤ ተነስታ 35% ነው የሚገባኝ አለች። ፋሮ ከ12.6% ወደ 19.6% ዘለለች። አይስላንድ 16.5% ቆረጠች። ደምሩት። 120.4 ይመጣል። ግሪንላንድና ሩሲያ ገና አልተቆጠሩም። አንድ በሬ አርደው ከአንድ በሬ በላይ ሥጋ ተሸክመው ወደየቤታቸው ገቡ።

እማዬ ይህን ስነግራት «ታዲያ ትርፉ ከየት መጣ?» አለች።

ከሚቀጥለው ዓመት በሬ ነዋ።

ፎርማናችን ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አያወሩም። እዚህ አገር አንቱታ የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ ትንሹም ትልቁም «አንተ» ነው፣ ምናልባት ንጉሡ ሲቀሩ። እኔም አፌ ለምዶ «አንተ» እላቸዋለሁ። በልቤ ግን አንቱ ናቸው፤ እዚህም እንደዚያው እጽፋቸዋለሁ። ዕድሜያቸው ከስድሳ አምስት አልፏል። አባታቸው የሄሪንግ መረብ ያለው ጀልባ ነበራቸው። በ1960ዎቹ መጨረሻ ሄሪንጉ አለቀ። ሁሉም ሲያጨድ ነበር፣ አዲሱ ሞተርና አዲሱ መረብ ብርቱ ነበር፣ አንድ ቀን ወጡና ባዶ መረብ ጎተቱ። ያ ዓሣ ተመልሶ ወግ እስኪደርሰው ሃያ ዓመት ገደማ ፈጀ። ፎርማኑ ልጅ ሆነው የሚያስታውሱት አባታቸው ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው መስኮት ሲያዩ ነው። ከመስኮቱ ውጭ የታሰረ ጀልባ አለ። ይህን የነገሩኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ቡና ማሽኑ ተበላሽቶ ቆመን ስንጠብቅ።

አይስላንድ ሲነሳ ግን ደማቸው ይፈላል። «ትናንት የመጡ!» ይላሉ።

እውነት አላቸው፣ ደግሞም የላቸውም። ከ2006 በፊት ማክሬል አይስላንድ ውኃ ውስጥ ይህን ያህል አይታይም ነበር። ከዚያ ባሕሩ ሲሞቅም፣ ዓሣው ሲበዛም፣ ወደ ምዕራብ መሄድ ጀመረ። በ2008 አይስላንዶች 112,000 ቶን ያህል ያዙ። ያ ዓመት ባንኮቻቸው የተንኮታኮቱበት ዓመት ነው። ሰው ቤቱን ሊያጣ ሲል በጓሮው በኩል የሰባ በሬ ገብቶ ሲግጥ ቢያይ ምን ያደርጋል? «የኛ አይደለም፣ እለፍ» ይለዋል?

እነ ኖርዌይ «ታሪክ እንይ» አሉ። ማን ስንት ዓመት ሲይዝ ኖረ? አይስላንድ ደግሞ «ዓሣው የት እንደሚውል እንይ» አለች። በጋውን በኛ ውኃ ውስጥ ነው በልቶ የሚወፍረው፤ የበላው የኛን ሳር ነው፤ እናንተ ጋ ሲደርስ የምታገኙት ስብ እኛ ያበላነው ነው። እንግዲህ የዚህ ሁሉ ክርክር አጥንቱ ይኼ ነው። ድርሻ በዱሮ ይለካ ወይስ በውሎ? የሚገርመኝ ማንም አገር አንዱን መለኪያ ብቻ ይዞ አለመቆየቱ ነው። ኖርዌይ ከአይስላንድ ጋር ስትከራከር ታሪክ ትጠቅሳለች፤ በ2021 35 በመቶ ስትል ግን የጠቀሰችው ዓሣው በውኃዋ ውስጥ መዋሉን ነው። እንደየቀኑ የሚያዋጣው ይመዘዛል። ርስት ሲካፈሉ ያየሁት ወንድማማቾችም እንደዚያው ናቸው፤ ለአንዱ ማሳ የበኩር ልጅነት፣ ለሌላው ማሳ «ያረስኩት እኔ ነኝ»።

በ2010 ነገሩ ወደብ ላይ ወጣ። ስኮትላንድ ውስጥ ፒተርሄድ የሚባል የዓሣ ወደብ አለ። ጁፒተር የምትባል የፋሮ መርከብ ማክሬል ጭና ልታራግፍ መጣች። የስኮትላንድ ዓሣ አጥማጆች መንገዱን ዘጉ። ሳታራግፍ ተመለሰች። በ2013 የአውሮፓ ኅብረት በሄሪንግ ድርሻ ጠብ ምክንያት በፋሮ ላይ ማዕቀብ ጣለ፤ ማክሬላቸውም ሄሪንጋቸውም ወደብ እንዳይገባ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ሁሌ ያስቀኛል። ፋሮ የዴንማርክ ንጉሣዊ ግዛት አካል ናት፣ ግን ኅብረቱ ውስጥ የለችም። ዴንማርክ ኅብረቱ ውስጥ አለች። ስለዚህ ዴንማርክ በአንድ እጇ የፋሮን መርከቦች ከወደቧ እየመለሰች፣ በሌላው እጇ በፋሮ ስም ኅብረቱን በዓለም ንግድ ድርጅት ከሰሰች። በሚቀጥለው ዓመት ተስማምተው ቀረ።

የድሮዎቹን ፐርሰንቶች ያመጣው ደግሞ በዚያው በ2014 የተደረገው የማክሬል ስምምነት ነው። ኅብረቱ፣ ኖርዌይና ፋሮ ተቀምጠው ተካፈሉ። 15.6 በመቶውን «ለሌሎች» ብለው ወደ ጎን አስቀመጡ። ሌሎቹ ማለት አይስላንድ፣ ግሪንላንድና ሩሲያ ናቸው። ሳይጠሯችሁ ተካፍለው «ያችን ትንሿን እናንተ ተከፋፈሏት» ቢሏችሁ እሺ ትላላችሁ? እነሱም አላሉም። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ከምክሩ በላይ ነው የተያዘው። በ2022 ምክሩ 794,920 ቶን ሆኖ ሳለ የተያዘው ከአንድ ሚሊዮን አልፏል። ኤምኤስሲ የሚባለው፣ ዓሣው ባሕሩን ሳያራቁት ተይዟል የሚለው ሰማያዊ ምልክት በ2019 ከካርቶናችን ላይ የወረደው ለዚህ ነው። ስቲከሩን የነቀልነው እኛው ነን።

አንድ ነገር ግን እጄ ላይ ነው ያየሁት።

ብሪታንያ ከኅብረቱ ስትወጣ ራሷን የቻለች ባለመደብ ሆነች። ከኖርዌይ ጋር ስላልተስማሙ በ2021 የኖርዌይ መርከቦች ብሪታንያ ውኃ ውስጥ ማክሬል መያዝ አልቻሉም። በመኸር ደግሞ ትልቁና የሰባው ማክሬል የሚገኘው ሼትላንድ በሚባሉት የስኮትላንድ ደሴቶች አካባቢ፣ እዚያው ውኃ ውስጥ ነው። መርከቦቹ እስኪመጣላቸው መጠበቅ ፈሩ። ስለዚህ ቀድመው በበጋ ወደ ሰሜን ወጥተው ያዙት።

በደህና ዓመት ዓሣው እንዴት እንደሚመጣ ልንገራችሁ። መርከቡ ሌሊት ይጠጋል። ወፍራም ቱቦ ሆዱ ውስጥ ይገባና ዓሣውን ከነቀዝቃዛ ውኃው እየመጠጠ ያመጣዋል። ማሽን በክብደት ይለየዋል። እኔ ጋ ሲደርስ ጀርባው አረንጓዴ ሆኖ በጥቁር የተዥጎረጎረ፣ ሆዱ እንደ ብር የሚያበራ ነው። ሲያነሱት እንደ ዱላ ቀጥ ይላል። ሃያ ኪሎ በካርቶን እናሽጋለን። ጃፓኖቹ ገዢዎች ወቅቱን ሙሉ ከኛ ጋር ይቆማሉ። አንዱን ያነሳሉ፣ ይገለብጣሉ፣ ሆዱን በአውራ ጣት ጫን ያደርጋሉ። አይናገሩም። እኛ ግን ፊታቸውን ማንበብ ለምደናል።

በዚያ በጋ የመጣው ሌላ ነው። ገና እየበላ የተያዘ ስለሆነ ሆዱ በደቃቅ ቀይ የባሕር ምግብ ተወጥሯል። ሳነሳው ሆዱ እጄ ላይ ይፈነዳል። ቤልቱ በቀይ ይቦካል። ሽታው ጓንት አልፎ ጣቴ ውስጥ ገብቶ ሚስቴ ለሁለት ሳምንት እንጀራ እንዳልነካ ከለከለችኝ። ጃፓኑ አንዱን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገና ቀስ ብሎ መልሶ አስቀመጠው። ጓንቱን አወለቀ። እጁን ታጠበ።

የኖርዌይ ኮታ ያን ዓመት በወረቀት 298,299 ቶን ነበር። ትልቅ ቁጥር ነው። መደቡ ተለቀ፣ ሥጋው ግን ከሳ።

ድርድር ሲባል ፐርሰንት ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው። «ስንት?» ከሚለው እኩል «የት?» እና «መቼ?» አለ። በ2024 ኖርዌይ፣ ብሪታንያና ፋሮ ተስማሙ። ኖርዌይ ከ35 ወደ 31 በመቶ ወረደች፤ ሼትላንድ ያለው በር ተከፈተላት። ጋዜጣው ላይ «አሳልፈን ሰጠን» ብለው የተንጫጩ ነበሩ። እኔና ጃፓኑ አልተንጫጨንም። ጥቅምት ላይ የመጣው ዓሣ እንደ ዱላ ቀጥ ያለ ነበር።

ታዲያ ጎረቤት የማይስማማ ፍጥረት ሆኖ ነው? አይደለም። የሚያናድደኝም ይኼ ነው። ወደ ሰሜን ስትወጡ ባሬንትስ ባሕር አለ። እዚያ ኖርዌይና ሩሲያ ኮድ የሚባለውን ዓሣ ይካፈላሉ። ከሶቪየት ዘመን ጀምሮ፣ ከ1976 ወዲህ፣ ለሌሎች አገሮች የሚሆነውን ቀንሰው የቀረውን እኩል ለእኩል። በቀዝቃዛው ጦርነት ጊዜ ተካፍለዋል። ሶቪየት ፈርሳ ተካፍለዋል። ዩክሬን ላይ ጦርነት ተጀምሮ፣ ሌላው ግንኙነት አብዛኛው ተበጥሶ፣ አሁንም በየዓመቱ ይፈራረማሉ። ቁጥሩ ሲወርድም አብረው ያወርዱታል። በ2013 አንድ ሚሊዮን ቶን የነበረው ለ2025 340,000 ሆነ፤ እስከዚያ ድረስ ከ1991 ወዲህ እንደዚያ ወርዶ አያውቅም ነበር። ግማሽ ግማሹ ግን ያው ግማሽ ነው።

ዘመድ የሚመስሉት፣ ቋንቋቸው ከአንድ ሥር የሆነው ኖርዌይ፣ ፋሮና አይስላንድ ያቃታቸውን፣ ዓይንና ናጫ የሆኑት እንዴት ቻሉ?

ፎርማኑን ጠየቅኳቸው። በሁለት እጃቸው አንዱ የሌላውን አንገት ሲያንቅ አሳዩኝ። ኮዱ እንቁላሉን የሚጥለው ኖርዌይ ዳርቻ፣ ሎፎተን አካባቢ ነው። ጫጩቶቹ በውኃው ተወስደው የሚያድጉት ወደ ሩሲያ በኩል ነው። ሩሲያ ትንንሾቹን ብታጭድ ኖርዌይ ትልቅ አታገኝም። ኖርዌይ እናቶቹን ብትጨርስ ሩሲያ ትንሽ አታገኝም። በዚያ ላይ ሁለት ብቻ ናቸው፤ ማን እንዳጎደለ ወዲያው ይታወቃል። ማክሬል ላይ ሰባት እጅ ነው። ዓሣው ሲያንስ ሁሉም ወደ ጎኑ ያያል።

ደግሞ ማክሬልን መቁጠር ራሱ መከራ ነው። ያቺ ፊኛ ስለሌለችው መሣሪያ በድምፅ ሲፈልገው በደንብ አይመልስም። ስለዚህ በየሦስት ዓመቱ መርከብ ወጥቶ እንቁላሉን ይቆጥራል። ሌላው ዘዴ ከእኔ ሦስት እርምጃ ላይ አለ። ተመራማሪዎቹ አየርላንድ አካባቢ ዓሣ እየያዙ ሆዱ ውስጥ ትንሽ ምልክት ከትተው ይለቁታል። ቤልታችን ዓሣውን ይዞ በአንድ ፍሬም ውስጥ ያልፋል፤ ፍሬሙ ምልክቷን ያነባል። አይስላንድም ፋሮም ስኮትላንድም ያሉ ፋብሪካዎች ላይ እንዲሁ ተተክሏል። እኛ የምንሰማው ድምፅ የለም። አጠገቤ የምትሠራው የሊትዌኒያ ልጅ ግን ሎተሪ ብላዋለች። «ዛሬ ስንት የወጣ ይመስልሃል?» ትለኛለች ፍሬሙን እያየች። ሰዎቹ ለንደን ሲጨቃጨቁ ፍሬሙ ዝም ብሎ ይቆጥራል።

መስቀል ባለፈ በሦስተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ለምሳ ቁጭ ብለን ነበር። ፎርማኑ ስልካቸውን አዩ። መነጽራቸውን አውጥተው እንደገና አዩ። ስልኩን በፊቱ ጠረጴዛው ላይ ደፉት።

የ2026 ምክር ወጥቶ ነበር። 174,357 ቶን።

የ2025ቱ 576,958 ነበር። ሰባ በመቶ ተቀነሰ ማለት ነው። ማንም አልተናገረም። እኔ በስልኬ ካልኩሌተር አወጣሁ። ያችው 31 በመቶ ብትጸና እንኳ ለኖርዌይ 54,000 ቶን ገደማ ይደርሳታል። በ2021 ከነበረው 298,299 ጋር አስተያዩት። ከዚያ ውስጥ የኛ ፋብሪካ ስንት? ከዚያ ውስጥ የኔ ስንት ሽፍት? ካልኩሌተሩን ዘጋሁት። በኤጀንሲ የመጣው የፖላንድ ልጅ ሾርባውን ትቶ ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ። ቤት የገዛው በሚያዝያ ነው።

አሁን ደግሞ ስለራሴ ልናዘዝ።

እዚህ አካባቢ ያለን ሐበሾች በየዓመቱ ቅርጫ እንገባለን። የመስቀሉን ዓሣው ስለሚበላብን ወደ ጥቅምት መጨረሻ አሸጋግረነዋል። ከፊዮርዱ፣ ከባሕሩ ወሽመጥ፣ ማዶ ካለ ገበሬ በሬ እንገዛለን። ጓሮ ማረድ ክልክል ስለሆነ ቄራ ይታረድና አራት ቦታ ተከፍሎ ይመጣልናል። የአንዱ ጋራዥ ውስጥ ላስቲክ አንጥፈን መደብ እናወጣለን። ሰባት ቤት ነበርን።

በነሐሴ ከሰሜን አንድ ቤተሰብ ተዛውሮ መጣ። አምስት ልጆች አሏቸው። አባትየው በቴሌግራም ግሩፓችን ጨዋ በሆነ አማርኛ ጻፈ። ቅርጫው ውስጥ መግባት እፈልጋለሁ፤ ልጆች ስለሚበዙብኝ ከተቻለ አንድ ተኩል መደብ፣ ገንዘቡንም እንደዚያው እከፍላለሁ አለ።

ያን ሰሞን አይስላንድን ሙሉ ቀን ሳነብ ነበር የምውለው። እና ምን ብዬ ብመልስ ጥሩ ነው? «ዘንድሮ ተከፋፍሎ አልቋል፣ ለከርሞ እንይ።» ሰባት ሰው አውራ ጣት አደረገልኝ።

ማታ እትዬ ደወሉ። እትዬ የምንላቸው ከሁላችን ቀድመው የመጡ እናት ናቸው።

«አንተ፣ ስትመጣ ስንት ነበርን?»

«አምስት መሰለኝ እትዬ።»

«ስድስተኛውን ማን ጠራው?»

«እርስዎ ነዎት።»

«እንግዲህ።» ዘጉት።

መልእክቴን አጠፋሁ። ግን ሁሉም አንብቦታል፣ እሱም ጭምር። ስምንት መደብ ይሁን ተባለ። አንድ ተኩሉ ላይ ግን እትዬም እሺ አላሉም፣ እኔም አሁን ድረስ አልተዋጠልኝም። ልጅ ባለው ከተቆጠረ እኔ ሁለት፣ እትዬ ብቻቸውን፤ ነገሩ መቋጫ የለውም። ሰውዬው አልተከራከረም። «አንዱም ይበቃል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ወዲህ ግሩፑ ላይ እንኳን አደረሳችሁ ከማለት በቀር ቃል ጽፎ አያውቅም።

ባለፈው ቅዳሜ ጋራዡ ውስጥ ስምንት መደብ ወጣ። ከአምናው ሳሳ ብሏል፣ ዓይን ይለየዋል። የስድስት ዓመት ልጄ ጀርባዋን ሰጥታ በሩ ጋ ቆማ ነበር። ምልክቶቹን ኮፍያዬ ውስጥ ሰበሰብን። የኔ የሥራ ጓንት ቁራጭ ነው። የሰውዬው አረንጓዴ ላይተር ነበር። ልጄ መጣች። ከግራ በኩል ሦስተኛው መደብ ሻኛው በዛ ያለ ነው፤ ከጠዋት ጀምሮ ዓይኔን የጣልኩበት እሱ ላይ ነበር። ኮፍያውን አየች፣ እኔን አየች።

«አባዬ፣ የኛ የቱ ነው?»

«አይነገርም።»

አረንጓዴውን ላይተር አነሳችና ሦስተኛው ላይ ቁጭ አደረገችው።

ይህን በጻፍኩበት በ2025 መኸር ለንደን ላይ ያለቀ ነገር አልነበረም። ሰኞ ከሰዓት ሽፍት አለኝ። ከዚያ በኋላ ስንት ሰኞ እንደቀረን ፎርማኑን ጠይቄያቸው ነበር፤ ትከሻቸውን ነቅንቀው ቤልቱን አስነሱት።